ጥያቄና መልስ፦ በቡድን ዝርፊያ «እኔ እጄን አላነሳሁም» የሚል ሰው እንዴት ይጠየቃል?

ጋሽ ጠበቃ፦ ዛሬ ማታ ስለ ቡድን ዝርፊያ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ልደታ ችሎት የቆምኩት በወንጀል ጉዳይ ነውና ፍቺና ውርስ አታምጡብኝ። የክስ ወረቀት ሳላይም ስለማንም ዕጣ አልናገርም።

ሚሚ ዘአራዳ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ሞተሩን ብቻ ነበር የያዘው። ሰውየውን የመቱት ጓደኞቹ ናቸው። እኩል ይቀጣል?

ጋሽ ጠበቃ፦ እህቴ፣ ሞተር መያዙ ብቻውን መልስ አይሰጥም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32(1)(ሀ) ወንጀሉን የፈጸመውን፣ (ለ) ደግሞ ድርጊቱን ራሱ ባይፈጽምም በሐሳቡም በአድራጎቱም የወንጀሉና የውጤቱ ሙሉ ተካፋይ የሆነውን ዋና ወንጀል አድራጊ ይለዋል። አንቀጽ 37 አባሪ የሚለው ከድርጊቱ በፊት ወይም በድርጊቱ ጊዜ እያወቀ በመረጃ፣ በምክር፣ በመሣሪያ ወይም በሌላ መንገድ የረዳውን ነው። ስለዚህ ሲመክሩ አብሮ ነበር? ድርሻ ሊካፈል ተስማምቷል? ማስመለጥ የእሱ ሥራ ነው ተብሎ ተመድቦ ከሆነ ዓቃቤ ሕግ (ለ)ን ይዞ ይመጣል። ዝርፊያ መሆኑን አውቆ እስከ ቸርችል ጎዳና አድርሷቸው ከተመለሰ ወደ 37 ያዘነብላል። ምንም ካላወቀ ወንጀለኛ አይደለም።

አባሪም የሚቀጣው ለዋናው ወንጀል በተደነገገው ቅጣት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ተሳትፎውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ከባድ ውንብድና፣ ማለትም በኃይል የሚፈጸም ከባድ ዝርፊያ፣ ከ5 እስከ 25 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል። ያቺ ማቅለያ የአንድ ልጅ ሙሉ ወጣትነት ናት! አምስት ተከሳሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር «32(1)(ሀ)ን በመተላለፍ» ተብሎ ሲጠቀለል የምቆጣው ለዚህ ነው።

ነጋዴው፦ የተዘረፈ ስልክ መርካቶ የገዛስ?

ጋሽ ጠበቃ፦ የተዘረፈ ዕቃ መግዛት ራሱ በአንቀጽ 682 ያስጠይቃል። «አላወቅኩም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ፍርድ ቤት ዋጋውንም ሻጩንም ያያል።

ውቤ በረሃ፦ ስልክ ነጣቂ ሁሉ ወንበዴ ነው፣ ምን ያከራክራል?

የሕግ ተማሪ፦ ያከራክራል። ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ከሌለ ስርቆት እንጂ የአንቀጽ 670 ውንብድና አይሆንም።

ውቤ በረሃ፦ የእህቴ እጅ ተወልቋል! እሱም ስርቆት ነው?

የሕግ ተማሪ፦ እሱማ ኃይል አለበት። እኔ ያልኩት...

ደረጀ፦ ማጅራት መቺ ሁሉ አደባባይ ላይ መገረፍ ነው ያለበት!

ጋሽ ጠበቃ፦ ተዉ! ተማሪው ልክ ነው፣ የእህትህ ጉዳይም ውንብድና ነው። እግዜር ይማራት። የግርፋቱን ወሬ እዚህ አልፈልግም።

እናት፦ የሰፈራችን ልጅ ተይዟል። ምን ይሻለዋል?

ጋሽ ጠበቃ፦ በምን ተጠርጥሮ? መቼ? ጣቢያ ነው ወይስ ተከሷል? እንዲህ ከጠየቁኝ ምን ልበልዎት? በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብና ዝም ማለት ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ነው፣ አንቀጽ 19። ጠበቃ ሳያገኝ ቃል አይስጥ። ያላነበበውን አይፈርም።

ቃልኪዳን፦ አንዱ ድንገት ሴንጢ መዝዞ ሰው ቢገድልስ? ሰው ሲመጣ ሊያፏጭ ጥግ የቆመው ልጅ ለሞቱም ይጠየቃል?

ጋሽ ጠበቃ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! አንቀጽ 58(3) ማንም ሰው ካሰበውና ሊሆን እንደሚችል አውቆ ከተቀበለው ውጤት አልፎ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ክርክሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው፤ ሴንጢውን ቀድሞ አይቷል? በፊትም በስለት ሲዘርፉ አብሯቸው ነበር? ከሆነ «አላሰብኩም» ማለቱ አያዋጣውም። ውንብድናው ሞት ሲያስከትል ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ስለሚደርስ፣ የልጁ ሐሳብ ከገዳዩ ሐሳብ ተለይቶ መመርመር አለበት። አሁንም እላለሁ፦ ያለ ጠበቃ ቃል አይስጥ።

ብሩክ፦ ጋሼ ሹፌር ብቻ የነበረስ?

ጋሽ ጠበቃ፦ ለሚሚ መልሻለሁ። አንብብ።

ሄለን፦ የአጎቴ ልጅ ዘርፎ መጥቶ እኛ ቤት ቢያድርስ?

ጋሽ ጠበቃ፦ ከድርጊቱ በኋላ ሲሆን አባሪነት አይባልም፤ አውቆ መደበቅ በአንቀጽ 445 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቀድመሽ «ና፣ እደብቅሃለሁ» ብለሽው ከሆነ ግን 37 ላይ ነሽ።

ብሩክ፦ 16 ዓመት ከሆነውስ?

ጋሽ ጠበቃ፦ ከ15 በላይ ነው፣ ይጠየቃል። ዕድሜው ያቀልለታል፤ የሞት ቅጣት አይፈረድበትም። የልደት ማስረጃውን አምጡ።

የቀበና ልጅ፦ የአራት ጓደኞቼ ክስ «በጋራ በመሆን መትተው ወሰዱ» ብቻ ነው የሚለው። ማን እንደመታ አይገልጽም።

ጋሽ ጠበቃ፦ መልስ ከመስጠታቸው በፊት በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 በክሱ ላይ መቃወሚያ ይቅረብ። የእያንዳንዳቸው ድርጊት ተለይቶ ይጻፍ ብለው ይጠይቁ። ቀጠሮው መቼ ነው?