ምጥ ሲጀምረኝ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብገባ ልጄን ይጎዳዋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 36ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። እስካሁን በክትትሌ ምንም ችግር አልተገኘም። የምወልደው ሆስፒታል ነው፤ ግን ምጡ ገና ከመጀመሩ ሄጄ ከምንገላታ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ቤቴ ባሳልፍ ደስ ይለኛል። ባኞ ቤታችን ገንዳ አለው። ሙቅ ውሃ የምጥ ህመም ያስታግሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ልጁን ይጎዳዋል ብሎ ፈርቷል። ታላቅ እህቴ ደግሞ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ ኢንፌክሽን ያመጣል ትላለች። ማንን ልስማ? ውሃውስ ምን ያህል ይሙቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። አዎ፣ ትችያለሽ። 37 ሳምንት ከሞላሽ፣ ልጁ አንድ ከሆነና ጭንቅላቱ ወደ ታች ከዞረ፣ አንቺም ጤነኛ ከሆንሽ በምጥ ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ትችያለሽ። ሁለት ነገር ግን አደራ። ብቻሽን እንዳትገቢ፣ ውሃውንም ከልክ በላይ እንዳታሞቂው። የባለቤትሽ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። እህትሽም ካለችው ግማሹ ልክ ነው። ሁለቱንም እመለስባቸዋለሁ።

ውሃ የሚረዳው በብዙ መንገድ ነው። ሆድሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ክብደትሽን ይሸከምልሻል፤ ወገብሽና ዳሌሽ ትንሽ እፎይ ይላሉ። አልጋ ላይ መገላበጥ ያቃታት ሴት ውሃ ውስጥ እንደልቧ ትንበረከካለች፣ ወደ ጎን ትዞራለች። ሙቀቱ የተወጠረውን ጡንቻ ያላላል። ደግሞ ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ አድሬናሊን ሲበዛ ማህፀንን የሚያሠራውን ኦክሲቶሲን ያዳክመዋል። ሴትየዋ ስትረጋጋ ምጧም አካሄዱን ያገኛል። ቆዳ ላይ የሚወርድ ውሃ ደግሞ የህመሙን መልእክት ወደ አንጎል በሚሄድበት መንገድ ላይ ይሻማዋል። ክርናችንን ግድግዳ ሲመታን ወዲያው እናሸው የለ? ያው ነው።

ብዙ እንዳትጠብቂ ግን ቁጥሩንም ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. 2018 ላይ የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ በ15 ጥናቶች የተሳተፉ 3,663 ሴቶችን አይቶ ነበር። ምጡ ገና የማህፀን በር እየከፈተ ባለበት ደረጃ ውሃ ውስጥ ከገቡት መካከል ኤፒዱራልና መሰሎቹን በጀርባ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች የወሰዱት ከ100 ሴት 39 ያህሉ ናቸው። ውሃ ውስጥ ካልገቡት ደግሞ 43 ያህሉ። በእናትም በልጅም ላይ የጨመረ ጉዳት አላገኙም። እንግዲህ ልዩነቱ ተአምር የሚባል አይደለም። ውሃ ህመሙን አያጠፋውም፣ እንድትችዪው ነው የሚያግዝሽ። ደግሞ እነዚያ ሴቶች አዋላጅ አጠገባቸው የነበረች፣ የልጃቸው የልብ ምት የሚታይላቸው ናቸው። ቤትሽ ውስጥ ያ የለም። ለዚህ ነው ከታች የምጽፍልሽን ነገር ጠበቅ የማደርገው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ፍርሃት። ልጁን ሊጎዳው የሚችለው ሙቀቱ ነው። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ሲሞቀው እንደኛ አልቦ አይበርድለትም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በአንቺ ደም በኩል ነው፤ የሱ ሙቀት ሁልጊዜም ካንቺ በትንሹ ከፍ ያለ ነው። አንቺ ስትግዪ እሱ የበለጠ ይግላል፣ ልቡም በፍጥነት መምታት ይጀምራል። በዚያ ላይ በጣም የሞቀ ውሃ የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ ከገንዳው ስትነሺ ዓይንሽ ሊጨልም፣ ልትወድቂም ትችያለሽ።

ስለዚህ ውሃው ከ37.5 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ይህ የራስሽ ሰውነት ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ገላውን የሚታጠብበት ውሃ ከዚህ ይሞቃል፣ እና መጀመሪያ ስትገቢ "ኧረ ቀዝቅዟል" ልትዪ ትችያለሽ። አትጨምሪበት። ለህፃናት መታጠቢያ የሚሸጠው ተንሳፋፊ ቴርሞሜትር ይበቃል፣ ለማንኛውም ለልጁም ያስፈልጋችኋል። በእጅ መዳፍ መለካት አያስተማምንም፣ መዳፍ ሙቀት የለመደ ነው። ውሃውን በየሰዓቱ ለኩት። ያንቺንም ሙቀት ለኩ። ፊትሽ ከቀላ፣ ካላበሽ፣ ልብሽ ከደለቀ ውሃው በዝቶብሻልና ውጪ። የሰውነትሽ ሙቀት ከፍ ማለት ከጀመረ ውጪና ቀዝቀዝ በዪ። 38 ከደረሰ ወይም ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ትኩሳቱ የኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የባኞ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። መቼም ቢሆን ከውስጥ እንዳትቆልፊው።

የእህትሽን ነገር ደግሞ እንይ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ገንዳ ውስጥ መግባት በራሱ ኢንፌክሽን እንደሚጨምር ጥናቶቹ አላሳዩም። ገንዳው ግን በደንብ ታጥቦ የተለቀለቀ፣ ውሃውም አዲስ የተቀዳ ይሁን። ጨው፣ ሽቶ፣ የአረፋ ሳሙና ምናምን አትጨምሩበት። እህትሽ ልክ የሆነችው የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ መጠንቀቅ ያስፈልጋል በሚለው ነው፤ የእንሽርት ውሃው ሲፈስ የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። ነጭ ጨርቅ ወይም ፓድ አድርጊና ቀለሙን ተመልከቺ። ጥርት ያለ ወይም ትንሽ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ እዚያው ተጸዳድቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ወይም ሽታ ካለው፣ ወይም ደም ከበዛው ገንዳውን እርሺውና ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ከብልትሽ እንደ ገመድ ያለ ነገር የወጣ ከመሰለሽ እትብቱ ነውና ይህ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው፤ ተንበርክከሽ ደረትሽን ዝቅ፣ መቀመጫሽን ከፍ አድርጊ፣ አምቡላንስ ይጠራልሽ።

ቀለሙ ጥርት ያለ ቢሆንም ለሆስፒታሉ ደውዪ። እኔ ለመጀመሪያ ወላድ የምመክረው፣ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ የልጁ ጭንቅላት በደንብ መውረዱን ባለሙያ ዓይቶ እስኪነግርሽ ድረስ ገንዳውን ትተሽ ሻወር ብቻ እንድትጠቀሚ ነው።

ሻወር ስል ደግሞ እንዳትንቂው። አንዲት እናት አልረሳም። ልጇ ፊቱን ወደ ፊት ለፊቷ፣ ጀርባውን ወደ ጀርባዋ አዙሮ ነበርና ህመሙ ሁሉ ወገቧ ላይ ነው። መተኛት አልቻለችም፣ መቆምም አልቻለችም። ሻወር ቤት የፕላስቲክ በርጩማ አስገባንላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፣ ግንባሯን የታጠፈ ፎጣ ላይ አሳረፈች። ባሏ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ የሻወሩን ራስ ይዞ ወገቧ ላይ ያወርድላታል። ቁርጠቱ ሲመጣ "ዝቅ... ዝቅ አርገው... እሱ ጋ፣ እዚያው ያዝልኝ" ትለዋለች። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ እሱ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ስትወጣ ህመሙ እንዳለ ነው። ፊቷ ግን ተለውጧል፤ ትንፋሿን ማዳመጥ ጀምራለች። ገንዳ ሳይኖር ይህ ሁሉ ይሆናል። ሻወርም ባይኖር በሞቀ ውሃ ነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ወገብ ላይ ማድረግ በጣም ያሳርፋል። ፎጣውን ግን መጀመሪያ ባልሽ በክንዱ የውስጥ ቆዳ ላይ ይሞክረው፣ ያቃጠለው እንደሆነ ላንቺም አይሆንም።

መቼ ትግቢ? የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ጅማሮው ረጅም ነው፤ የማህፀን በር እስከ 5 ሴንቲሜትር እስኪከፈት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ብትገቢ ቁርጠቱ ሊረግብ፣ ሊራራቅ ይችላል። አትደንግጪ፣ ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም ሌሊት ከሆነ ያን ዕድል ተጠቅመሽ ተኚ፣ ጉልበቱ ኋላ ያስፈልግሻል። ቁርጠቱ እየተፋፋመ፣ መናገር እየከለከለሽ ሲመጣ ያኔ ውሃው ይበልጥ ይጠቅማል። አንዴ ገብተሽ ሰዓታት አትቀመጪ። ከአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውጪ፣ ወዲያ ወዲህ በዪ፣ ሽንትሽን ሽኚ። የሞላ ፊኛ የልጁን መውረጃ ያጣብበዋል። የሚጠጣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ፉት በዪ፤ በአንድ ጊዜ ግን ሊትር ሙሉ እንዳትጨልጪ።

ገንዳው ውስጥ ልጁ እንቅስቃሴ መቀነሱ ከተሰማሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ውሃው ውስጥ ደም ካየሽ ውጪና ሂጂ። ከገንዳው የምትወጪው ሁልጊዜ በሁለት ቁርጠት መሃል ነው፣ ሰው ክንድሽን ይዞሽ፣ እግርሽ የማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ አርፎ። የኤሌክትሪክ ነገር፣ ማሞቂያም ይሁን ቻርጀር ላይ ያለ ስልክ፣ ከገንዳው አጠገብ ድርሽ አይበል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንዳንቺ ላለ ጤናማ እርግዝና ነው። አንዲት ሴት መንታ ካረገዘች፣ ልጁ በመቀመጫው ከመጣ፣ ከ37 ሳምንት በፊት ምጥ ከያዛት፣ የደም ግፊት ካለባት፣ ደም ከፈሰሳት፣ የሚጥል በሽታ ካለባት ወይም ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ከወለደች ቤት ውስጥ ገንዳ አይሆናትም፤ ምጥ እንደጀመራት ነው መሄድ ያለባት። የሚያደነዝዝ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደችም እንዲሁ ውሃ ውስጥ አትግባ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ። "ከገባሁ አይቀር እዚያው ብወልድስ?" ቤት ውስጥ ያለባለሙያ በፍጹም። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አቋም እንኳ ጤነኛ እናት በምጡ የመጀመሪያ ደረጃ ውሃ ውስጥ ብትገባ ጥሩ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ፣ መውለዱ ግን ከውሃ ውጭ ይሁን ብሏል። ልጁ ውሃ ሊስብ ይችላል፣ ወደ ላይ ሲነሳም እትብቱ ሊበጠስ ይችላል፣ እንዲህ ሲሆን እትብቱን የሚይዝ የሰለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ሰገራ የመጣ ዓይነት ወደ ታች የመግፋት ስሜት ሲሰማሽ ወዲያው ከውሃው ውጪና አምቡላንስ ጥሩ። ድንገት ልጁ ገንዳው ውስጥ ከወጣ ፊቱን ወዲያውኑ በእርጋታ ከውሃው በላይ አውጥታችሁ ደረትሽ ላይ አድርጉት፣ አድርቁት፣ ሸፍኑት፣ እትብቱን አትጎትቱ።

ወደ ሆስፒታል የምትሄጂበትን ሰዓት በገንዳው ውስጥ ሆነሽ እንዳታሰይው፣ ውሃ ጊዜ ያስረሳል። ቁርጠቱ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ከቀጠለ ተነሺ። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ከዚያም በፊት።

ቆጠራውን ለባለቤትሽ ስጪው። ፈርቷል ብለሽኛል፣ የፈራ ሰው ሥራ ሲሰጠው ይረጋጋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከገንዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ ቁርጠቱ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ያንቺን ሙቀት፣ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰም የፈሰሰበትን ሰዓትና ቀለሙን ይጻፍ። ሆስፒታል ስትደርሱ ያንን ወረቀት ለአዋላጇ ይስጣት። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ያንኑ ነው፤ አንቺ ያኔ ለመመለስ ትንፋሽ ላይኖርሽ ይችላል።