የሲፓፕ ማስክ አፍንጫ ሲልጥና ጉንጭ ሲያሳክክ፦ ማሰሪያውን ደግመው ከማጥበቅዎ በፊት

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሲፓፕ (ሲተኙ አየር በግፊት እየነፋ የመተንፈሻ መንገድን ክፍት የሚያደርግ ማሽን) ከጀመሩ 3 ሳምንት ሆኗቸዋል። የሚያደርጉት አፍንጫና አፍ አንድ ላይ የሚሸፍነውን ማስክ ነው። የአፍንጫ አጥንታቸው ላይ፣ ልክ መነጽር የሚያርፍበት ቦታ፣ ቆዳው ተልጧል። ጉንጫቸውን ማሰሪያው ባለፈበት መስመር ያሳክካቸዋል። ሌሊት አየር እየሾለከ ዓይናቸው ውስጥ ይነፍሳል፤ እሱን ለማቆም ማሰሪያውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠብቃሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ የተላጠው ላይ ቫዝሊን ይቀባሉ። አሁን "ልተወው ወይስ ሌላ ማስክ ልግዛ?" እያሉ ነው።

ለሁለቱም አይቸኩሉ። መላጡና ዓይን ላይ የሚነፍሰው አየር ምንጫቸው አንድ ነው፣ እሱም የማሰሪያው ጥብቀት። ማሳከኩ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ልመለስበት።

መጀመሪያ ማስኩ አየር የሚይዝበትን መንገድ እንይ፤ ይህ ካልገባ የቀረው ምክር ሁሉ አይሠራም። ፊት የሚነካው ሲሊኮን (ኩሽኑ) አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግድግዳ አለው፦ ቅርጹን የሚይዝ ወፍራም የሥር ግድግዳና ከሱ በላይ ፊት ላይ የሚያርፍ በጣም ስስ ሽፋን። ማሽኑ ሲነፍስ አየሩ ስሱን ሽፋን ከውስጥ ገፍቶ ፊት ላይ ይለጥፈዋል። አየሩን የሚያቆመው ያ ስስ ሽፋን ነው። የማሰሪያው ሥራ ማስኩ ከቦታው እንዳይሄድ መያዝ ብቻ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስሱ ሽፋን ተጨፍልቆ ይታጠፋል፣ በእጥፋቱ በኩል አየር ይሾልካል፣ ባለቤቱ ደግሞ "ላልቷል" ብሎ እንደገና ይስበዋል። በዚህ መሐል ወፍራሙ ግድግዳ አጥንት ላይ ይቀመጣል። አፍንጫ አናት ላይ ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ ከሥሩ ስብ እምብዛም የለውም። በአጥንትና በማስክ መካከል ተጣብቆ 7 ሰዓት ሲያድር ደም በደንብ አይደርሰውም። ቁስሉ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በክሬም የማይድነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አራቱንም ማሰሪያዎች ሙሉ በሙሉ ያላሏቸውና ከዜሮ ይጀምሩ። ቁጭ ብለው ወይም መስታወት ፊት ቆመው አይደለም። ሲተኙ የፊት ሥጋ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ቆመው የለኩት ትራስ ላይ አይሠራም። በሚተኙበት አኳኋን፣ በሚተኙበት ትራስ ላይ ይሁኑ። የማስኩን የታችኛውን ጠርዝ በከንፈርና በአገጭ መካከል ባለችው ስርጉድ ቦታ ያሳርፉ፣ ከዚያ ላይኛውን ወደ አፍንጫ ይመልሱ። ግራና ቀኙን እኩል፣ በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ይሳቡ፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ማስኩን ያጣምመዋል። አሁን ማሽኑን ያብሩ። አየሩ እየነፈሰ ማስኩን ከፊትዎ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ስበው ቀስ ብለው ይመልሱት። ይህቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ በኔ ግምት ግን ከሁሉም በላይ ልዩነት የምታመጣው እሷ ናት፤ የታጠፈው ስስ ሽፋን የሚዘረጋው ያኔ ነው። አየር የሚሾልክ ካለ በዚያ በኩል ብቻ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥብቁ። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረው ይሞክሩ፣ አፍዎንም ትንሽ ከፈት ያድርጉ፤ እንቅልፍ ሲይዝ መንጋጋ ይወርዳልና። በማሰሪያውና በጉንጭዎ መካከል አንድ ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ማሽኖች በዝቅተኛ ግፊት፣ ለምሳሌ በ4 (መለኪያው የውሃ ሳንቲ ሜትር ነው)፣ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ሐኪሙ ወዳዘዘው፣ እንበል 12፣ ይወጣሉ። በ4 የተስተካከለ ማስክ በ12 ሊያፈስ ይችላል፤ "ስተኛ ደህና ነበር፣ ሌሊት ነው የሚጀምረው" የሚሉ ሰዎች ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ማሽንዎ የማስክ መለኪያ (በእንግሊዝኛ Mask Fit) የሚል ምርጫ ካለው በሱ ይሞክሩ፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ባለ ግፊት ይነፍስልዎታል። ከሌለው ቀስ በቀስ የሚወጣበትን ማስተካከያ ለሙከራው ብቻ ያጥፉት።

ዓይን ላይ ለሚነፍሰው አየር ሰው ሁሉ እጁን የሚሰደው ወደ ላይኛው ማሰሪያ ነው። አስቀድመው የታችኞቹን ይፈትሹ፤ በጣም ሲጠብቁ የማስኩን ታች ወደ ፊት ስበው ላይኛውን ከአፍንጫው ያነሱታል። የታችኞቹን ትንሽ አላልተው ማስኩን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። ግንባር ላይ የሚያርፍ ድጋፍ ያለው ማስክ ከሆነ ድጋፉን አንድ እርከን ወደ ግንባር መግፋት አፍንጫ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የላይኛው ጠርዝ ዓይን ጥግ ድረስ የሚደርስ ከሆነ ማስኩ ሰፍቶዎታል ማለት ነው። ያኔ የሚለወጠው ኩሽኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፈፉ ሳይነካ አንድ ቁጥር ያነሰ ኩሽን ብቻ መግዛት ይቻላል።

ደግሞም ማስኩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣው አየር ስሕተት አይደለም። የተነፈሱት የተቃጠለ አየር የሚወጣው በነሱ ስለሆነ በፕላስተር እንዳይደፍኗቸው። ማሽንዎ ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነ ያለአግባብ የሚሾልከውን ለብቻው ይመዘግባል፤ በደቂቃ ከ24 ሊትር በታች እስካለ ድረስ ሕክምናው አይጎዳም። ዜሮ ለማድረግ ብሎ ፊትን ማቁሰል ኪሳራ ነው።

ጠዋት ማስኩን ሲያወልቁ ምልክት መኖሩ ብቻውን አያስፈራም፤ በ30 ደቂቃ ገደማ የሚጠፋ ከሆነ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ በጣት ጫን ብለው ይልቀቁት። ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት የጫና ቁስል መጀመሪያ ነው። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቅላት ላይታይ ይችላል። በሱ ፈንታ ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሄደ ቀለም ይፈልጉ፤ በጣት ጀርባ ሲዳስሱት ሞቅ ካለ፣ ሲነኩት ጠንከር ወይም ለስለስ ካለ፣ ካመመ፣ ያው ነው። ከዳነም በኋላ የጠቆረው ቦታ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ያ ጠባሳ ሳይሆን ቀለም ስለሆነ እየደበዘዘ ይሄዳል። በማሸት ወይም በማንጫ ክሬም እንዲጠፋ አይታገሉት።

የእርስዎ ቆዳ ግን አስቀድሞ ስለተላጠ ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ቦታው ማረፍ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው እስኪድን ድረስ አፍንጫ አናት ላይ የማያርፍ ማስክ መጠቀም ነው። አፍ ሸፍኖ ከአፍንጫ ሥር የሚቆም ዓይነት አለ፣ በአፍ ለሚተነፍስ ሰው የሚሆነው እሱ ነው። በአፍንጫ ብቻ ለሚተነፍስ ደግሞ ቀዳዳው ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ትራሶች አሉ። ሁለት ዓይነት ማስክ ይዘው ማፈራረቅ ለወደፊቱም ጥሩ ልማድ ነው፤ ጫናው በየሌሊቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። ሲገዙ ማያያዣው ማግኔት መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። እርስዎም ሆኑ አብሮዎት የሚተኛ ሰው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ በሰውነት ውስጥ የተተከለ ብረት ነክ መሣሪያ ካላችሁ ማግኔት የሌለውን ይምረጡ።

ሌላ ማስክ ካልተገኘ ስስ ሃይድሮኮሎይድ ፕላስተር ይረዳል፤ ፋርማሲ ለውሃ ቋጠሮ ወይም ለጫና ቁስል የሚሸጠው ማለቴ ነው። 2 በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ፣ ማዕዘኖቹን ክብ ያድርጓቸው፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሳል። ቆዳው ታጥቦ የደረቀ፣ ቅባት ያልነካው መሆን አለበት፤ ለጥፈው በመዳፍዎ አንድ ደቂቃ ያሙቁት። ጠርዙ ካልተነሳ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፣ በየቀኑ መላጥ ቆዳውን ይዞት ይነሳል። ሲያነሱት ወደ ላይ አይሳቡት፤ ከቆዳው ጎን ለጎን ዘርጋ ዘርጋ እያደረጉ ያላቁት። መግል ያለው ቁስል ላይ አይለጠፍም። ደግሞ ፕላስተሩ ራሱ ውፍረት ስላለው፣ ለጥፈው ማሰሪያውን ካላላሉ ጫናውን ጨመሩት ማለት ነው።

ቫዝሊኑን ግን ከዛሬ ያቁሙ። ማስኩን ያንሸራትተዋል፣ የተንሸራተተ ማስክ ቆዳ ይፈትጋል፣ ከዚያ እንደገና ማጥበቅ ይመጣል። የነዳጅ ተዋጽኦ ቅባት ኩሽኑንም ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ከሲፓፑ ጋር ኦክስጅን የሚወስድ ሰው ደግሞ የእሳት አደጋ ስላለው ፊቱ ላይ ጨርሶ ሊቀባው አይገባም። ፊት ከደረቀ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ጠዋት፣ ማስኩ ከወለቀ በኋላ ይቀቡ። ማታ የግድ ከሆነ ውሃ የበዛበትን ዓይነት፣ ከመተኛት አንድ ሰዓት ቀደም ብለው።

ወደ ማሳከኩ። የሚያሳክከው ቦታ ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ሽፍታው የኩሽኑን ጠርዝ ተከትሎ ቀለበት ከሠራ የሳሙና ቅሪት ወይም ላብና የፊት ወዝ ይጠርጠሩ። እንደ እርስዎ የማሰሪያውን መስመር ከተከተለ ተጠርጣሪው ማሰሪያው ነው፦ የታጠበበት ዱቄት ሳሙና፣ ቀለሙ፣ ወይም ኒዮፕሪን የተባለው ላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል። ማሳከክ ሳይኖር ብጉር ብቻ ከሆነ የታፈነ ወዝ ነው። ሰው ቶሎ "የሲሊኮን አለርጂ አለኝ" ይላል፤ እሱ እጅግ ብርቅ ነው። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት ውስጥ ያለው መከላከያ ኬሚካልና ሽቶ ይበልጥ የተለመደ ጥፋተኛ ነው፤ ማስክዎን በሱ የሚጠርጉ ከሆነ እሱን ያቁሙ።

ማሰሪያውን ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅ አጥበው ሁለት ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፤ ውሃው አረፋ መስጠት እስኪያቆም። በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ጉንጭ በሚነካው በኩል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉበትና አንድ ሳምንት ይዩት። ማሳከኩ ከቆመ ምክንያቱን አግኝተዋል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር አይቀይሩ፣ የትኛው እንደረዳ አያውቁምና። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው የማሳከክ ክሬም ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ሰንበትበት ሲል ግን ቆዳ ያሳሳል፣ አፍ ዙሪያም የራሱን ሽፍታ ያመጣል።

ኩሽኑ በየቀኑ ይታጠብ፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ እስከ ማታ ይደርቃል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ ሳሙና፣ ስሱን ሽፋን ከውስጥም ከውጭም በጣት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። አልኮል፣ በረኪና፣ ሽታ ያለው ዘይት አይነካውም። ኦዞን የሚረጩ ማጽጃ ማሽኖች አያስፈልጉም፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2020 ስለነሱ አስጠንቅቋል። ፊትዎንም ከመተኛትዎ በፊት ይታጠቡ፤ የቀን ወዝ ሲሊኮኑን ያለሰልሰዋል፣ እየቆየም ቢጫ ያደርገዋል። ኩሽኑ አየር እንዲይዝ አዲስ ሳለ ከነበረው በላይ ማጥበቅ ካስፈለገ አርጅቷል፣ ይቀየር። ማሰሪያው ሲለጠጥም እንዲሁ።

ጺም ካለዎት፦ የ2 ወይም የ3 ቀን ቀንበጥ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ስሱን ሽፋን እያነሳ ቆዳውንም ይወጋል። ከተላጩ ግን ከመተኛትዎ በፊት ወዲያው አይሁን፣ ጠዋት ይላጩ።

ሌሊት ማስኩ ውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ቆዳው ረጥቦ ስለሚያድር በቀላሉ ይላጣል። ይህ የሚሆነው ሞቃቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ነው። የእርጥበት መጠኑን አንድ ደረጃ ይቀንሱ፣ ቱቦውን ጨርቅ ያልብሱት ወይም ብርድ ልብስ ሥር ያሳልፉት፣ ማሽኑንም ከአልጋው ዝቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ቱቦው ሲገላበጡ ማስኩን የሚጎትት ከሆነ ከራስጌ በላይ ያንጠልጥሉት።

ውሃ የቋጠረ ወይም ክፍት የሆነ ቁስል በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ፣ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ካለ፣ ቅላቱ ወይም እብጠቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው፤ ወደ ዓይን የሚሄድ እብጠት ከሆነ በዚያኑ ቀን። ሲሄዱ ማስኩን ይዘው ይሂዱ፣ የማስኩን የመጠን ቁጥርም ይጻፉ። ሁለት ፎቶም ይያዙ፦ ጠዋት ማስኩ እንደወለቀ የተነሳና ከ30 ደቂቃ በኋላ የተነሳ።