የሕፃን ጓንት ከውስጥ ሲታይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሚኒያፖሊስ ያሉ እናት ለ3 ዓመት ልጃቸው የእንቁራሪት መልክ ያለው የሹራብ ጓንት በመርፌ ሊሠሩ ነው፤ ስንት ዐይን (መርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ልጀምር ይላሉ። ስለ ክሩ የነገሩን «መካከለኛ ነው» ብቻ ነው።

መጀመሪያ መዳፉን ከአውራ ጣቱ በላይ ዙሪያውን ይለኩ። ክሩ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 20 ዐይን የሚያወጣ ከሆነ፣ ለ14 ሳንቲ ሜትር መዳፍ 32 ዐይን በቂ ነው፤ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። አንጓውን በ3.5 መርፌ፣ 2 ዐይን ቀጥ፣ 2 ዐይን ግልባጭ (በተቃራኒው የሚሠራ) እያሉ 6 ሳንቲ ሜትር ይሥሩ። ካጠረ ከጃኬቱ እጅጌ ይወጣና በረዶ ይገባበታል። በ4 ሚሊ ሜትሩ መርፌ 4 ሳንቲ ሜትር ከሄዱ በኋላ 5 ዐይን በሌላ ቀለም ክር ይሥሩ፤ ወደ ግራ መርፌ መልሰው በዋናው ክር ይድገሟቸው። ኋላ ያ ክር ሲመዘዝ የአውራ ጣት ቦታ ይከፈታል። ዐይኖቹን ሲያነሱ ከሁለቱም ጥግ አንዳንድ ይጨምሩ፤ አለዚያ ጥጉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከአንጓው 8 ሳንቲ ሜትር ላይ መቀነስ ይጀምሩ፦ 6 ቀጥ፣ 2 በአንድ (ሁለቱን ዐይን አንድ ላይ)፤ ቀጣዩ ዙር ሳይቀነስ፤ ከዚያ 5 ቀጥ፣ 2 በአንድ። እንዲህ እያሉ 8 ዐይን ሲቀር ክሩን አሳልፈው ይሳቡት።

ግራና ቀኙ ይለያያል ወይ?

አውራ ጣቱን ጎን ላይ ካደረጉት አይለያይም።

ለእንቁራሪቷ ዓይን ቁልፍ ልስፋ?

አይሆንም። ልጅ ጓንቱን ያኝካል፤ የተነቀለ ቁልፍ ጉሮሮ ይዘጋል። ዓይኑን በክር ይጥለፉት፤ ጥልፉን ካጠበቁት ግን ጓንቱ አይለጠጥም።

አንድ አባት የሜዳ አህያ ጓንት በጥቁርና በነጭ ሠርተው ልጃቸው ሲያጠልቀው ያለቅሳል፤ «ሱፉ ኮስኩሶት ይሆን?» ይላሉ።

ሱፉን ከመውቀስዎ በፊት ጓንቱን ገልብጠው ይዩት። ሁለት ቀለም ሲሠራ የማይታየው ክር ከውስጥ ተሻግሮ ያልፋል። 5 እና 6 ዐይን ከተሻገረ ጣት የሚገባበት ወጥመድ ነው። ሁለቱን ክሮች በየ3 ዐይኑ እርስ በርስ ይጠምዝዟቸው፤ ለተሠራው ደግሞ ለስላሳ ገበር ይስፉለት። የክር ጫፍንም ሁለት ሦስት ዐይን ብቻ አሳልፈው አይቁረጡ፤ አቅጣጫ ቀይረው ይመልሱት። ይህን አጥብቀን የምንለው በምክንያት ነው፦ የላላ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውሩን ያቆማል፣ መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ከማልቀስ በቀር ምንም አይልም። ጣቱ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ካበጠና ክሩን ወዲያው ማውጣት ካልቻሉ፣ ወይም ወጥቶም እብጠቱ ካልጎደለ፣ ቅባት እየቀቡ ሰዓት አይግደሉ፤ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

እናቴ ከመንዝ የላከችው የበግ ጠጉር ለጓንት ይሆናል?

ለባና ይሆናል እንጂ ለሕፃን ቆዳ ይሻክራል። ከላይ አድርገው ገበር ይስጡት። ቆዳው ሽፍ ካለ ሐኪም ያሳዩ።

እንዳይጠፋ ሁለቱን ጓንት በረጅም ክር አያይዤ በአንገቱ ላሳልፈው?

በፍጹም! ሸርተቴ ላይ ከተያዘ ያንቃል። እያንዳንዱን ከየእጅጌው ጋር በአጭር መቆንጠጫ ያያይዙት።

የሱፍ ጓንቱ በማሽን ታጥቦ ጠበበ፤ ይመለሳል?

አይመለስም። ለአሻንጉሊት ይሁን፤ ቀጣዩን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳያሹ።