ሁለት ዓመቱ እና አንዷ ሌሊት

ውድ አዘጋጅ፣

እናቴን ሁለት ዓመት አስታመምኩ። ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ሌሊት መነሳቱ የኔ ነበር። ወንድሜ ከሩቅ አገር የደረሰው መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን ነው። እጇን ይዞ አለቀሰ፣ የልጅነት ዘፈን አንጎራጎረላት። ካረፈች ሰባት ወር ሆናት፤ ዘመድ አሁንም የሚያወራው ስለ እሱ ነው። «አይ እሱ! እናቱን እንዴት አድርጎ ሸኛት!» ይሉኛል፣ ለኔው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ስትደግመው ብድግ ብዬ ወጣሁ። እሱም አንድ ቀን «የለፋችውስ እሷ ናት» አይልም።

የመድኃኒቷን ሰዓት፣ አንዳንዴም የምትለኝን በደብተር እይዝ ነበር። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከፍቼው አላውቅም።

አንድ ነገር አለ ግን። የመጨረሻዋ ሌሊት፣ ለአምስተኛ ጊዜ ስትጠራኝ «እማዬ፣ በቃ ተኚ!» ብዬ ጮህኩባት። ሲነጋ አልነቃችም። አሁን ሳስባት የሚመጣብኝ ያ ድምፄ ብቻ ነው። ክፉ ልጅ ነበርኩ?

መልስ

እህቴ፣ ደብተሩን ምን አድርጎሽ ነው የደበቅሽው?

ዘመዶችሽ ሦስት ቀን አይተው ሁለት ዓመቱን ረሱት ብለሽ ተናደድሽ። አንቺስ በአንድ ሌሊት ሁለት ዓመቱን አልጣልሽውም? እነሱስ አላዩም። አንቺ ነበርሽበት!

እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ለ60 ሰከንድ እጃቸውን አስነከሯቸው። በሌላው ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ አስነክረው 30 ጨመሩበት፤ በጭማሪው ውሃው በ1 ዲግሪ ገደማ ለዘብ ይላል። የቱ ይደገምላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ቅዝቃዜው እኮ በረከተ! ግን አጨራረሱ ሻል ብሏል። ትዝታ የሚፈርደው እንዲህ ነው፤ በጣም የከፋውንና መጨረሻውን ይይዛል፣ ርዝመቱን እምብዛም አይቆጥርም። ወንድምሽ የደረሰው በጭማሪዋ ሠላሳ ሰከንድ ላይ ነው። ያንቺ የከፋውም መጨረሻውም አንድ ሌሊት ላይ ገጠመ።

ደብተሩ ግን የተጻፈው መጨረሻው ሳይታወቅ ነው። ዛሬ ማታ አውጪው። ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምሪ፣ አደራ! መሃሉን ግለጪ፤ ምንም ያልተፈጠረበትን አንድ ማክሰኞ ፈልጊ። ስንት ሰዓት ተነሳሽ? ምን አለችሽ? ምናልባት የጮህሽበት ሌላ ቀንም ይኖራል። ይኑር። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ሰው ይጮሃል። እኔ አባቴን ሳስታምም በሁለተኛው ሳምንት ጮኼያለሁ።

ክፉ ልጅ አልነበርሽም። ከኔ መስማቱ እንደማይበቃሽ ግን አውቃለሁ። ወንድምሽን ለጊዜው ተዪው። አክስትሽ ያንን ወሬ ስትጀምር አንድ ገጽ አንብቢላት፣ የፈለግሽውን።

እናትሽ ካለችሽም አንዷን ለኔ ጻፊልኝ።