መልስ፦ የመኪና አደጋ ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ የደም ግፊት መለካት ወይስ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት?

ሲስተር፣ ሱሉልታ አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ ለጠየቁት፦ ሁለቱም ቆየት ብለው ነው የሚመጡት። የሚፈስ ደም ካለ ቅድሚያ ተጭነው ያቁሙ። ከዚያ ስሙን ይጠይቁት፤ ጥርት አድርጎ ከመለሰ አየር መንገዱ ለጊዜው ክፍት ነው። ካንኮራፋ አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ መንጋጋውን ወደ ፊት ይግፉ፣ አፉን በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) ያጽዱ። ኦክስጅን ከረጢት ባለው ማስክ፣ 15 ሊትር። ደረቱ በሁለቱም ጎን እኩል መነሳቱን ገልጠው ይዩ።

የደም ግፊት ያታልላል። ወጣት ሰው ከደሙ 30 በመቶ ያህል እስኪያጣ ላይወርድ ይችላል። የልብ ምቱ ከ120 ካለፈና እጁ ከቀዘቀዘ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እየደማ ነው ይበሉ። ሁለት ካኑላ፣ 16 ወይም 18 ቁጥር (ቀጭኗን ሰማያዊ እዚህ ይርሷት)። ሪንገር (በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሞቅ አድርገው እስከ 1 ሊትር፤ ከዚያ በላይ ደሙን ያቀጥነዋል፣ የሚፈልገው ደም ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ (የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ካለ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከአደጋው 3 ሰዓት ሳያልፍ።

ዳሌው ከተጠረጠረ በአንሶላ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ብዙዎች ወገብ ላይ ያስሩታል፤ ቦታው ዝቅ ብሎ፣ የጭኑ አጥንት በጎን በኩል ጎልቶ የሚዳሰስበት ነው።

ልብሱን ቀደው ካዩ በኋላ ወዲያው ብርድ ልብስ ያልብሱት፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደም በደንብ አይረጋም፣ የሱሉልታን ብርድ ደግሞ ያውቁታል። አዲስ አበባ ወዳለው የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ሆስፒታል፣ ወደ አቤት፣ ሪፈር ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ፤ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ከታሰረም የታሰረበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።