ባለቤቴ ሳይኮፓት ይሆን ወይ ለሚለው ጥያቄ
እኅቴ፣ ባለቤትሽ ደጋግሞ እንደሚዋሽና ስታለቅሺ ፊቱ ሳይለወጥ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» እንደሚልሽ ጽፈሽ፣ ሳይኮፓት (ለሌላው ስሜት ግድ የሌለውና በጥፋቱ የማይጸጸት ሰው) ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮበርት ሄር ሳይኮፓትን ለመለየት ያዘጋጀው መመዘኛ 20 መስፈርቶች ያሉትና የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚሞላው ስለሆነ፣ እኛ በሩቁ ሳይኮፓት ልንለው አይገባንም። ለውሳኔሽ ግን ስያሜው አያስፈልግሽም፤ ይቅርታ የሚጠይቀው ጥቅሙ ሲነካ ብቻ ከሆነ፣ የሚናገረውን ትተሽ ባለፉት ወራት ያደረገውን መዝኚ። በእንባሽ ልቡን ለማራራት አትድከሚ (ይህን ስጽፍ አዝኛለሁ)፤ የሚያሳዝንሽን ነገር ባወቀ ቁጥር መልሶ ሊጎዳሽ ይችላልና። ሽማግሌዎች ፊት አንደበቱ ሊጣፍጥ ስለሚችል፣ የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ መዝግበሽ ያዢ። መታወቂያሽንና የባንክ ደብተርሽን ከቤት ውጭ በምታምኚው ሰው ዘንድ አስቀምጪ፤ ለመለየት ከወሰንሽም አስቀድመሽ አትንገሪው፣ ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚበረታው በዚያን ወቅት ነውና።