«ንፁህ ከሆነ ለምን ታሰረ?»

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ከታሰረ ሦስት ሳምንት ሆነው። «ሌባው ተያዘ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶው ፌስቡክ ላይ ሲዞር እኔም ሼር አደረግኩት። አሁን ባለቤቱ ዓይኔን ማየት አትፈልግም፤ «ገና አልተፈረደበትም» ትላለች። ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቀማል? ንፁህ ከሆነስ ለምን ያስሩታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተረቷ ጥሩ ናት። ላሟ እዚያ መዋሏን ማስረዳት ያለበት ግን ከሳሹ ነው። ባልደረባህ «አልዋለችም» ብሎ የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም፤ ዝም ማለትም ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ካላስረዳ በነፃ ይሰናበታል፣ በቃ።

ለማሰር ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሊበቃ ይችላል፣ ለመፍረድ ግን አይበቃም። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው የሚታሰረው እንዳይጠፋ፣ ማስረጃ እንዳያሸሽ ወይም ምስክር እንዳያባብል ነው እንጂ ቅጣቱን ቀድሞ እንዲጀምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የፀደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ተከሳሽ ጥፋተኝነቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 9 ደግሞ ፍርድ የሚጠብቁ ሰዎችን ማሰር እንደ ደንብ መወሰድ የለበትም ይላል። ስለዚህ የሦስት ሳምንቱ እስር ስለ ገንዘቡ ምንም አይነግርህም።

ፎቶው ላይ ግን ትንሽ ልቆጣህ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ማብራሪያ ተከሳሾች በመደበኛው በካቴና ታስረው ወይም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ችሎት መቅረብ እንደሌለባቸው፣ ሚዲያም ንፁህ ሆኖ የመገመትን መብት ከሚሸረሽር ዘገባ እንዲቆጠብ ገልጿል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው አንዴ በካቴና ያየውን ፊት፣ በኋላ የሚሰማው ክርክር አያጸዳለትም። (ደግሞ «ነፃ ተባለ» የሚለውን ማን ሼር ያደርጋል?)

ይህ ማለት ከሳሹ ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መመርመርም አይቆምም። አንተም በልብህ መጠርጠር ትችላለህ። ቃሉን ግን አስተካክል፦ ሲያዝ ተጠርጣሪ፣ ሲከሰስ ተከሳሽ፣ ሲፈረድበት ነው ጥፋተኛ። «ሌባ» ብለህ ስትለጥፍ አንተው ፈረድክበት።

ፖስቱን አጥፋና ያጠፋህበትን ምክንያት እዚያው ጻፍ። ለባለቤቱ ደግሞ «ንፁህ ነው» ማለት አይጠበቅብህም፤ ካላመንክበት አትዋሻት። «ሌባ ማለት አልነበረብኝም» በላት።